ትኬቱ ሳይቃጠል፦ በስቶክሆልም ክረምት ቴአትር ቤት ገብቶ ለመውጣት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በመጀመሪያው የስቶክሆልም ክረምቴ 3 የቴአትር ትኬት ገዛሁ። ያየሁት ግን 1 ቴአትር ብቻ ነው። አንዱን ቀን ከሥራ ቤት ገብቼ «እስቲ ለ10 ደቂቃ ልረፍ» ብዬ ሶፋ ላይ ጋደም አልኩ። ስነቃ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ሌላኛውን ቀን በሩ ድረስ ደርሼ፣ 6 ደቂቃ አርፍጄ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ያሉ የሐበሻ ወዳጆቼን ስጠይቅ ታሪኩ አንድ ነው። ገንዘቡም ፍላጎቱም አለ፤ ትኬቱ ግን ይቃጠላል።

ክረምት ስል ሐምሌና ነሐሴን ማለቴ አይደለም። ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለውን ብርድና ጨለማ ነው። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2፡40 አካባቢ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስለዚህ ቴአትሩ በሚጀምርበት ሰዓት ሰውነታችሁ እኩለ ሌሊት የሆነ ይመስለዋል። የሚከተለውን በቅደም ተከተል አድርጉ።

ደረጃ 1፦ ትኬቱን ጨለማው ሳይገባ ግዙ

ሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር ላይ ግዙ። ኖቬምበር ገብቶ ከመሸ በኋላ «ዛሬ ቴአትር ልግባ» ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

• ለመጀመሪያው ክረምት ከ2 ትኬት በላይ አትግዙ።
• ብቻችሁን አትግዙ። የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ ይሉኝታው ራሱ ከቤት ያስወጣችኋል።
• ከተገኘ የቅዳሜ ወይም የእሁድ የቀን ትርኢት ምረጡ። ስትገቡ ብርሃን አለ፤ ስትወጡ ቢጨልምም ሥራው አልቋል።
• ክፍያው በካርድ ነው። ስዊሽ የሚባለው የስልክ መክፈያ የሚሠራው የስዊድን ባንክ ሒሳብ ላለው ሰው ብቻ ነው። ገና ከሆናችሁ በካርድ ክፈሉ እንጂ «ጥሬ ገንዘብ ይዤ በሩ ላይ እገዛለሁ» አትበሉ።
• ለወጣት፣ ለተማሪና ለጡረተኛ ቅናሽ አለ። የዕድሜው ጣሪያ ከቤት ቤት ይለያያል። ቅናሹን የምትመርጡት ከመክፈላችሁ በፊት ነው። ስትገቡ መታወቂያ ሊጠይቋችሁ ይችላል።

ከተበላሸ፦ ገጹ ላይ «ስሉትሶልት» የሚል ካያችሁ ትኬቱ አልቋል ማለት ነው። ተስፋ አትቁረጡ፤ በዕለቱ ጠዋት ደግማችሁ ተመልከቱ ወይም ትኬት መሸጫው ጋ ደውሉ። የተመለሰ ወንበር ብዙ ጊዜ ይገኛል። «ኢንስቴልት» የሚል ከሆነ ግን ትርኢቱ ራሱ ተሰርዟል፤ ገንዘባችሁ ይመለሳል። እናንተ ስለታመማችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመልሱም። ትኬቱን ለሰው ስጡ።

ደረጃ 2፦ ለቋንቋችሁ የሚሆን ቤት ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በኩራት ይሳሳታል። የስዊድንኛ ትምህርት ሁለተኛ ወሩ ላይ ሆኖ የ3 ሰዓት ንግግር የሞላበት ድራማ ይገዛል። ከዚያ «ቴአትር አይስማማኝም» ይላል። ያልተስማማው ቴአትሩ ሳይሆን ምርጫው ነው።

ስዊድንኛ ጨርሶ ካልገባችሁ በዳንስ ጀምሩ። ኖራ ባንቶርየት አካባቢ ያለው ዳንሰንስ ሁስ ሙሉ በሙሉ የዳንስ ቤት ነው። የባሌና የኦፔራ ደግሞ ንጉሣዊው ኦፔራ፣ ጉስታቭ አዶልፍስ ቶርይ ላይ ነው። ኦፔራው ሲዘፈን ቃሉ ከመድረኩ በላይ በስዊድንኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ዘፋኙን ትታችሁ ጽሑፉን ብቻ እንዳታነቡ ግን ተጠንቀቁ፤ አንገት ያማል።

ስዊድንኛችሁ ገበያ የሚያደርስ ከሆነ ታሪኩን የምታውቁትን ድራማ ምረጡ። ሼክስፒርን በጸጋዬ ገብረመድኅን አማርኛ ያነበበ ሰው ሐምሌት ሲመጣ ማን ማንን እንደሚገድል አስቀድሞ ያውቃል። ያኔ ቃሉ ቢያመልጣችሁም ትዕይንቱ አያመልጣችሁም። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት 15 ደቂቃ ወስዳችሁ የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዝምድና አጥኑ። የምለምናችሁ ይችን ብቻ ነው።

ዋናዎቹ የድራማ ቤቶች ሁለት ናቸው፦ ኒብሮፕላን ላይ ያለው ድራማተንና ሴርየልስ ቶርይ ላይ ያለው ኩልቱርሁሰት ስታድስቴአተርን። ሁለተኛው ሸርሆልመንና ቬሊንግቢም መድረክ አለው። ሰፈራችሁ እዚያ አካባቢ ከሆነ በብርድ መሀል ከተማ ድረስ አትልፉ። አንዳንድ ትርኢት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ቀን ስላለው ቀኑን ከመምረጣችሁ በፊት የትርኢቱን ገጽ እስከ ታች አንብቡ።

ደረጃ 3፦ ወንበሩን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ

ትልቁ ወጥመድ «ፎርስታ ራደን» የሚለው ነው። ቃል በቃል «አንደኛው ረድፍ» ነው። ትርጉሙ ግን የመጀመሪያው ሰገነት ነው፤ ማለትም ፎቅ። አንድ ወዳጄ «መድረኩ ሥር ነው የያዝኩት፣ ተዋናዩ ሲያስነጥስ ይደርሰናል» ብሎ ሲፎክር ከርሞ ደረጃ ስንወጣ ፊቱ ተቀየረ። «ትሬድየ ራደን» ከሆነማ ጣሪያው ሥር ናችሁ።

• ምድር ቤቱ «ፓርኬት» ይባላል። እዚያ ረድፉ የሚጠራው «ቤንክ» ተብሎ ነው፤ ወንበሩ «ፕላትስ» ነው።
• «ቬንስተር» ግራ፣ «ሆገር» ቀኝ ነው። በተሳሳተው በር ከገባችሁ ሰው እያስነሳችሁ ረድፉን ሙሉ ታቋርጣላችሁ።
• «ቤግሬንሳድ ሲክት» ወይም «ስኪምድ ሲክት» ካለ ዓምድ ወይም የሰገነት ጠርዝ ይጋርዳችኋል። ዋጋው የረከሰው ለዚህ ነው።
• «ኡታን ፓውስ» ካለ ዕረፍት የለም። ውኃ ከመጠጣታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን በቁጥር ተጻጻፉ

ይሄ የኛ ብቻ በሽታ ስለሆነ ለብቻው አወጣሁት። ለአንድ ወንድሜ «ቴአትሩ 7 ሰዓት ነው» አልኩት። እኔ ማለቴ 19.00 ነበር። እሱ በሐበሻ አቆጣጠር 7 ሰዓት፣ ማለትም በ13.00፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ በሩ ላይ ተገኘ።

«የታለህ?» አለኝ በስልክ።
«ሥራ ላይ ነኛ! ምነው?»
«እዚህ ከአንዲት ወለል ከምትወለውል ሴት በቀር ማንም የለም።»

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ይህ ነው፦ በቃል አንነጋገርም፤ «19.00» ብለን እንጽፋለን። 19.00 ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። 14.00 ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ስትይዙም እንዲሁ።

በዚያው፦ በክረምት አዲስ አበባ ከስቶክሆልም በ2 ሰዓት ይቀድማል። ቴአትሩ ሲጀምር እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ እናታችሁ ከመተኛቷ በፊት የምትደውልበት ሰዓት። ቀን ላይ ደውሉላትና «እማዬ፣ ማታ ስልኬ ዝግ ነው፣ እንዳትደነግጪ» በሏት። ስልኩን ደግሞ ዝጉት። ንዝረት ላይ ማድረግ መዝጋት አይደለም፤ ጸጥ ባለ አዳራሽ እንደ ንብ ይሰማል።

ደረጃ 5፦ ልብስና ጫማውን ከ3 ቀን በፊት ሞክሩ

ችግሩ ሁለት የአየር ጠባይ በአንድ ምሽት መኖሩ ነው። ውጭ በረዶ፣ ውስጥ ደግሞ ሞቅ ያለ ቤት። ለውጪው ብቻ የለበሰ ሰው ውስጥ ገብቶ ይቀቀላል። እኔ ከሱሪዬ ሥር ወፍራም የሱፍ ሱሪ አድርጌ ገብቼ፣ ከመጀመሪያው ክፍል የማስታውሰው ላቤን ብቻ ነው።

1. ከሥር ስስ የሱፍ ካናቴራ ልበሱ። ጥጥ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል።
2. መሀል ላይ የሚወልቅ ሹራብ።
3. ከላይ ረጅም ወፍራም ካፖርት። ሙቀቱን ሁሉ ለካፖርቱ ስጡት፤ በር ላይ የሚወልቀው እሱ ነውና።
4. ጫማችሁ በወፍራም ካልሲ ላይ የማያጣብቅ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። በከረጢት ደረቅ የቤት ውስጥ ጫማ ያዙ። ሰዉም እንደዚያ ስለሚያደርግ አትፈሩ።
5. «ብሮዳር» ግዙ። ጫማ ሥር የሚታሰር ጎማ ሲሆን ትንንሽ ብረት ጥርሶች አሉት።
6. ካፖርቱ ላይ ሪፍሌክስ (የመኪና መብራት የሚያንጸባርቅ ምልክት) አንጠልጥሉ። ጥቁር ለብሳችሁ በጨለማ ስትሻገሩ ሹፌሩ አያያችሁም።

ክራቫት አያስፈልግም። ስዊድኖች ለቴአትር ብዙም አይሽቀረቀሩም። የሐበሻ ቀሚስ ብትለብሱ ያምራል፤ ነጠላውን ግን ካፖርቱ ውስጥ አድርጉት፤ በንፋስ ይዞራችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በክረምት መስኮት አይከፈትም። ካፖርታችሁ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ ቁሌት ከተቁላላ ሽንኩርቱና በርበሬው ሱፉ ውስጥ ይገባል፤ ለሳምንትም አይለቅም። ከመቁላላታችሁ በፊት ካፖርቱን መኝታ ክፍል አስገቡና በሩን ዝጉ። ካፖርቶቹ ቴአትር ቤት ትከሻ ለትከሻ ነው የሚሰቀሉት።

ደረጃ 6፦ በዕለቱ ቤት አትግቡ

ካነበባችሁት ሁሉ ይሄኛውን ካልፈጸማችሁ ሌላው ከንቱ ነው። ከሥራ በቀጥታ ወደ ቴአትር ቤት። «ልብስ ልቀይር»፣ «ሻወር ልውሰድ» የለም። የምትቀይሩት ነገር ካለ ጠዋት ይዛችሁት ውጡ። ቤት ሙቀት አለ፣ ሶፋ አለ፣ ውጭው ጨልሟል። ሶፋውን ያሸነፈ ሰው አላውቅም።

• በምሳ ሰዓት፣ ከ11.00 እስከ 13.00 ባለው ጊዜ፣ 30 ደቂቃ ውጭ ተራመዱ። ደመና ቢሆንም ከመብራት ይሻላል፤ ማታ ላይ ያለው ንቃት የሚመጣው ከዚህ ነው።
• የመጨረሻውን ቡና 16.00 ላይ ጠጡ። ከዚያ በኋላ ከጠጣችሁ ቴአትሩን ታያላችሁ፤ ሌሊቱንም አብራችሁት ታያላችሁ።
• 17.00 ላይ ቀለል ያለ ነገር ብሉ። እንጀራ በሽሮ ጠግባችሁ ሞቃት ጨለማ ውስጥ ከተቀመጣችሁ መድረኩ ላይ ሰይፍ ቢመዘዝም አትነቁም።
• የዕረፍት ቀናችሁ ከሆነ ገና በብርሃን ውጡና ኩልቱርሁሰት ውስጥ ያለው ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ቆዩ። ይሞቃል፣ ነፃ ነው፣ ማንም «ምን ልታዘዝ» አይላችሁም።

ከተበላሸ፦ የግድ ቤት መግባት ካለባችሁ ጫማ አታውልቁ። ሐበሻ ቤት ጫማ ለብሶ መግባት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናንተ በር ላይ ቁሙና የምትፈልጉትን ሌላ ሰው ያምጣላችሁ።

ደረጃ 7፦ መንገዱ

በሩ ላይ ከ30 ደቂቃ በፊት ለመድረስ አቅዱ። በዚያ ላይ ሌላ 30 ደቂቃ ለበረዶ ጨምሩ።

ለመጀመሪያ ክረምት ኩልቱርሁሰትን የምመርጠው በመንገዱ ነው። ዋናው የምድር ባቡር ጣቢያ ቴ-ሴንትራለን ወርዳችሁ ወደ ሴርየልስ ቶርይ ስትወጡ ዝቅ ያለውን አደባባይ ተሻግራችሁ በሩ ውስጥ ናችሁ። ብርድ የምትቀምሱት ለደቂቃ ነው። ከሪንከቢ ወይም ከሁስቢ የምትመጡ በሰማያዊው መስመር ያለ ለውጥ ትደርሳላችሁ፤ ኦፔራ ለሚሄድም ያው መስመር መጨረሻው ኩንግስትሬድጎርደን ድረስ ይወስዳል። ለድራማተን በቀዩ መስመር ኦስተርማልምስቶርይ ወርዳችሁ ቢርየር ያርልስጋታንን ቁልቁል ትሄዳላችሁ። ትራም 7 ደግሞ ኒብሮፕላን ላይ ይቆማል። እዚያ ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ ኮፍያችሁን ከመውጫው ደረጃ በፊት አድርጉ።

የኤስኤል፣ ማለትም የከተማው ባቡርና አውቶቡስ፣ ነጠላ ትኬት የሚያገለግለው 75 ደቂቃ ነው። ለመመለሻ ሌላ ትገዛላችሁ።

በረዶ ላይ ስትሄዱ፦

1. አጭር አጭር እርምጃ። እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አሳርፉ እንጂ በተረከዝ አትጀምሩ።
2. እጃችሁን ከኪስ አውጡ። ብትንሸራተቱ ሚዛን የሚጠብቅላችሁ እጅ ነው።
3. ብሮዳሩን ውጭ እሰሩ፤ ባቡር ጣቢያ ወይም ቴአትር ቤት ከመግባታችሁ በፊት ፍቱ። ብረቱ በረዶ ላይ ይነክሳል፤ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ግን እንደ ሳሙና ነው። እኔ ከነብሮዳሬ አንድ ያማረ እብነ በረድ ላይ ቋ ቋ እያልኩ ገብቼ፣ በሦስተኛው «ቋ» ላይ ተዘርግቻለሁ።
4. ግድግዳ ላይ ወይም መንገድ ላይ «ራስሪስክ» የሚል ምልክት ካያችሁ ከጣሪያ በረዶ ሊወርድ ይችላል። ከሥሩ አትሂዱ፤ ተሻገሩ።

ስልካችሁን በደረት ኪስ ያዙ። ባትሪ በብርድ ይደክማል፤ 40 በመቶ ያለው ስልክ በውጪ ኪስ ውስጥ ድርግም ሊል ይችላል። ትኬቱ እሱ ውስጥ ከሆነ ጉድ ፈላ። የትኬቱን ፎቶ ለጓደኛችሁም ላኩ።

ከተበላሸ፦ ሰሌዳው ላይ «ኢንስቴልድ» ካለ ባቡሩ ተሰርዟል። «ኤርሴትኒንግስቡስ» ካለ ምትክ አውቶቡስ አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ከ2 ፌርማታ ያልበለጠ ከቀራችሁ በእግር ይሻላል። አትሩጡ። ወድቃችሁ እጃችሁ ካበጠ 1177 ደውላችሁ የጤና ምክር ጠይቁ። ራስን የመሳት ወይም ከባድ ጉዳት ከሆነ 112።

ደረጃ 8፦ በሩ ውስጥ

መጀመሪያ «ጋርደሮብ» ሂዱ፤ ካፖርት የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ኮፍያና ጓንታችሁን የካፖርቱ እጅጌ ውስጥ ሰግስጉ፤ ያኔ አይጠፉም። ቦርሳም እዚያው ይቀራል። ከማስረከባችሁ በፊት መነጽር፣ መሐረብና የጉሮሮ ከረሜላ አውጡ። ከረሜላውን ከመጠቅለያው አሁኑኑ ፍቱት። ድራማው ጸጥ ባለበት ቦታ ፕላስቲክ ማንኮሻኮሽ ከሳል ይብሳል።

ቁጥር ያለበት ምልክት ይሰጧችኋል። እሱን ከካርዳችሁ ጋር አንድ ላይ አድርጉ። ከጠፋባችሁ ሰው ሁሉ ካፖርቱን እስኪወስድ ትቆያላችሁ፤ የቀረው የናንተ ነው።

በረድፉ መሀል ስታልፉ ፊታችሁን ወደ ተቀመጡት ሰዎች አዙሩ፤ ጀርባ ማዞር እዚህ ነውር ነው።

ከተበላሸ፦ ካረፈዳችሁ በሩን አትግፉ። በሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ በዝግታ ጠይቁ። አንዳንዴ ተስማሚ ቦታ ላይ ሲደርስ ከኋላ ያስገባሉ፤ አንዳንዴ እስከ ዕረፍቱ ትጠብቃላችሁ። መለመን፣ ሕመም መፍጠር፣ «ከሩቅ ነው የመጣሁት» ማለት አይሠራም። ሁሉንም ሞክሬያለሁ። ወንበራችሁ ላይ ሰው ተቀምጦ ካገኛችሁ ደግሞ መጀመሪያ የራሳችሁን ትኬት ዳግም እዩ፤ ፎቁን ወይም ግራና ቀኙን አሳስታችሁ ይሆናል።

ደረጃ 9፦ ዕረፍቱ

ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ወረፋው ግማሹን ይበላዋል። ብልሃቱ ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት ማዘዝና መክፈል ነው። በዕረፍቱ ስትወጡ ቡናችሁ ጠረጴዛ ላይ ስማችሁ ተጽፎበት ይጠብቃችኋል።

የነቢያትን ጾም የያዛችሁ፦ የሄሉ ቡሌ (በሄል የተጋገረው ጣፋጭ ዳቦ) ቅቤና ወተት አለበት። «ቬጋንስክ» የሚል ካለ ጠይቁ፤ ለቡናውም የአጃ ወተት፣ «ሃቭረምዮልክ» በሉ። ብዙ ቦታ አለ።

ካልገባችሁ እዚህ ጋ አብሯችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፦ «ማን ነው የዋሸው? ማን ነው የሚፈልጋት?» እነዚህን ሁለቱን ካወቃችሁ ሁለተኛው ክፍል ይከፈትላችኋል። እንቅልፍ ከመጣባችሁ ደግሞ ቡና አትጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጡ፣ ደረጃውን ውጡ ውረዱ።

ደረጃ 10፦ መውጫና መመለሻ

ሲያልቅ ወደ ካፖርት አትሩጡ። ጭብጨባው ረጅም ነው፤ ተዋናዮቹ ወጥተው ይመለሳሉ፣ ሕዝቡም ቀስ በቀስ በአንድ ምት ማጨብጨብ ይጀምራል። መሀሉ ላይ መነሳት ያስተዛዝባል፤ ደግሞም ወረፋው ያው ነው። እኔ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አዳራሹ ሲራገፍ መብራቱና ወንበሩ ብቻ ይቀራል፤ ያን ማየት ደስ ይለኛል።

ካፖርቱን ውስጥ ቆልፉ፤ ብሮዳሩን ውጭ እሰሩ። የምድር ባቡሩ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። በሌሎቹ ቀናት ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ስለሚቆም ከቴአትር ወጥቶ ቡና ለመጠጣት ጊዜ አላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የሌሊት አውቶቡስ ነው፤ በብርድ ቆሞ መጠበቅ ነውና እዚያ አታድርሱት።

ባቡሩ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ጓደኛችሁ አጠገባችሁ እያለ፣ የሚቀጥለውን ትኬት እዚያው ስልካችሁ ላይ ግዙ። ቤት ከገባችሁ አትገዙም።